የሐሙስ ጠዋት ፍርፍር

እትዬ ዘርፉ የቤት ባልትና አስተማሪ ነበሩ። እኔ የባልትና ክፍሉን ዕቃ እጠብቅ ስለነበር ድስትና ማንኪያ ስወለውል ትምህርታቸውን ከጓዳው ሆኜ እሰማለሁ። ቀጭን ነበሩ፤ ድምፃቸውም ቀጭን ነው። ከሹራባቸው እጅጌ ውስጥ ሁልጊዜ የታጠበ መሐረብ አይጠፋም። የናዝሬት ንፋስ አቧራውን በመስኮት ሲያስገባው ጠረጴዛውን ያብሳሉ፤ ዞር ሳይሉ መልሶ ይለብሳል፤ መልሰው ያብሳሉ። ኑሯቸው ሁሉ እንደዚያ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ ከአቦምሳና ከሌላም ከሌላም እየመጡ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ነበሩ። ምድጃ የላቸውም፤ የሚበሉት በየምግብ ቤቱ ነው። ሲታመሙ ውሃ የሚያቀብላቸው እንኳ የለም። እትዬ ዘርፉ ስለ ኬክ የሚያወራውን የመጽሐፉን ምዕራፍ ዘለው፣ ምግብ ቤት እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምሩት ለእነዚህ ልጆች ብለው ነበር።

«ከመቀመጣችሁ በፊት መታጠቢያው የት ነው በሉ» ይላሉ። «ወደዚያ ስታልፉ ጓዳው ይታያችኋል። ሳህን የሚለቀለቅበትን ውሃ እዩ። ጠረጴዛ የሚወለወልበትና ሳህን የሚደርቅበት ጨርቅ አንድ ከሆነ ውጡ። አፍንጫችሁንም ብዙ አትመኑት፤ በርበሬና ቅቤ አፍንጫን ይሸነግላል።»

ከሁሉ የሚያጠብቁት ግን የሐሙስን ነገር ነው። ረቡዕ ጾም ነው፤ ክርስቲያን ቤት ሥጋ አይሸጥም። የማክሰኞ ወጥ ከተረፈ ረቡዕን ድስቱ ውስጥ ሆኖ ይውላል፤ በናዝሬት ሙቀት። የሐሙስ ሥጋ ከቄራ መጥቶ፣ ወጥ ሆኖ የሚወጣው ደግሞ ቀትር ላይ ነው። ስለዚህ ሐሙስ በጠዋቱ የዕረፍት ሰዓት የሚቀርበው የሥጋ ፍርፍር የማክሰኞ ነው ማለት ነው።

ይህን ሲናገሩ ከሪማ የምትባል ፊት ወንበር የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ እኛ ጋ ይምጡዋ! እስላም ቤት ረቡዕም ይታረዳል!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘርፉም ሳቁ፤ ግን ወዲያው «እኔ የምለው ሐሙስ ጠዋት ሽሮ ብሉ ነው» አሉ።

«ቲቸር፣ ፍርፍሩ እኮ ይጣፍጣል» አለ ሐዲስ ከኋላ።

ሐዲስ የአቦምሳ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሁልጊዜ የሚርበው። በዚያ ሰሞን ለጤና ረዳት ማሠልጠኛ ከትምህርት ቤታችን ሁለት ልጆች ተመርጠው ነበር፤ አንዱ እሱ ነው። የመግቢያ ፈተናው ለቅዳሜ ጥር ሃያ አራት ተቆርጧል። ያንን ካለፈ ሙያ ይይዛል፤ ካላለፈ ግን ዕድሜው ስለደረሰ ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና መዝገብ ቅርብ ነው። እናቱ ይህን ስለምታውቅ ለእትዬ ዘርፉ «አደራ» ብላ በሰው ልካ ነበር።

«የሚጣፍጠው ቅቤው ነው» አሉት እትዬ ዘርፉ። «አንተ ነገ ሰው ልታክም አይደል? መጀመሪያ ሆድህን ጠብቅ።»

ሐዲስ የሚበላው ንቁ በሚባለው፣ የቀበሌው ማኅበር በሚያስተዳድረው ምግብ ቤት ነበር። እትዬ ዘርፉ ተማሪዎቹን ደብተር አስይዘው አራት ምግብ ቤቶችን ሲያስጎበኙ እዚያም ገባን። የመለቅለቂያው ውሃ ምስር ወጥ መስሏል። ፍሪጅ አለ፤ ከፈትነው፤ ከላይ እስከ ታች ቢራ ነው። የወጡ ድስት ግን ከምድጃው ጎን መሬት ላይ፣ በጆንያ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ልጆቹ ያዩትን ጽፈው የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለጠፉት። ሐዲስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ንቁን ተወ፤ በዳቦና በሻይ ሰነበተ።

የምግብ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ገሠሠ ስለ ጽሑፉ ሲሰሙ ዳይሬክተሩ ቢሮ መጡ። ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አልተጫወቱም። የማኅበሩን ስም ማጥፋት የማንን ስም ማጥፋት እንደሆነ ጠየቁ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አይፈለግለትም። ዳይሬክተሩ ላብ በላብ ሆኑ። ጽሑፉ እንዲነሣ፣ ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ደግሞ አስተማሪዋ ከነተማሪዎቻቸው ንቁ ሄደው እንዲጋበዙና ነገሩ በፍቅር እንዲያልቅ ተወሰነ።

«ሐሙስ!» አሉኝ እትዬ ዘርፉ ጓዳ ገብተው። «ከሰባቱ ቀን መርጠው ሐሙስ!»

«አሞኛል ብለው ይቅሩ እንጂ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ልጆቹ ፊት ልዋሽ? እሄዳለሁ። ሻይ እጠጣለሁ። የሥጋውን ግን ‹ይቅርብኝ› እላለሁ፤ በቃ። ልጆቹም እምቢ ማለት ነውር እንዳልሆነ ያያሉ።»

ሐሙስ ሄድን። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመዋል። መታጠቢያው ላይ ገና አሁን ከወረቀቱ የወጣ ሳሙና ተቀምጧል። ፍርፍሩ በሁለት ትሪ መጣ፤ ቀይ፣ በቅቤ የሚያብረቀርቅ፣ ሽታው ምራቅ የሚያስውጥ። እትዬ ዘርፉ ወደ ምድጃው አሻግረው አዩ። እኔም አየሁ፤ መሬት ላይ ያለው የወጥ ድስት ተከፍቷል፤ ጆንያው ጥግ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ጓድ ገሠሠ፣ እኔ ሻይ ብቻ ይበቃኛል» አሉ።

«ሻይ? ቤቴ መጥተው ሻይ?» ጓድ ገሠሠ እጃቸውን ታጥበው መጡ። ፊታቸው በርቷል፤ ቂም የያዘ ሰው አይመስሉም። ከትሪው ጠቀለሉ፤ ደህና አድርገው ጠቀለሉ። «በሉ እንግዲህ፣ እንታረቅ!»

«ግድ የለም፣ ይቅርብኝ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ተዉኝ…»

«አፈር ስሆን! እጄን ሊያሳፍሩት ነው እንዴ?»

ሠላሳ ልጅ ያያል። የጓድ ገሠሠ እጅ ተዘርግቶ አየር ላይ ቆሟል፤ ቅቤው በጣቶቻቸው መሀል ወደ አንጓቸው ይወርዳል። እትዬ ዘርፉ መሐረባቸውን ከእጅጌያቸው አወጡ፤ መልሰው ከተቱት። የተዘረጋ ጉርሻ መመለስ ከአባት ከእናታችን ያልወረስነው ነገር ነው። አፋቸውን ከፈቱ።

«አንድማ ያጣላል!» አሉና ጓድ ገሠሠ ሁለተኛውን አስከተሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ማን ይከለክላቸው? ተማሪው ሁሉ እጁን ሰደደ። ጓድ ገሠሠ እየዞሩ አጎረሱ፤ ለሐዲስ ሦስት ጊዜ ደረሰው። ከሪማ ብቻ ጥግ ላይ ሻይዋን ይዛ ቀረች። ቤት ስንደርስ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሰውየው ሲያጎርሱ እንጂ ሲጎርሱ አላየናቸውም።

ዓርብ ማለዳ አሥራ አንድ ልጆች ታመሙ። እትዬ ዘርፉም ታመሙ፤ ግን ግድግዳ እየያዙ የሐዲስን የኪራይ ክፍል ፈልገው ሄዱ። እኔ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በጆግ ይዤ ተከተልኳቸው። ከሪማ ከኛ ቀድማ ደርሳ ወለሉን ትጠርጋለች። ሐዲስ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ገብቶ አልጋው ላይ ተጠቅልሏል።

«ቲቸር» አለ፣ «እርስዎ ሲበሉ… ደህና መሰለኝ።»

እትዬ ዘርፉ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከጆጉ ቀድተው አጠጡት።

«አንቺስ እንዴት ቻልሽ?» አሏት በኋላ ከሪማን።

«እኔማ ቀላል ነበረልኝ፣ ቲቸር። የክርስቲያን ሥጋ ስለሆነ ማንም በሞቴ አላለኝም።»

ቅዳሜ ፈተናው ሐዲስ በሌለበት ተሰጠ። እትዬ ዘርፉ ሌላ ቀን እንዲሰጡት ሦስት ቢሮ ለመኑ፤ አንዱ ወደ አንዱ መራቸው። ጓድ ገሠሠ «የአየሩ ሙቀት ነው» አሉ። የንቁም ድስት ከምድጃው ጎን አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘርፉ አንድ ትምህርት ጨመሩ፤ ጉርሻ እንዴት በትሕትና እምቢ ይባላል የሚል። ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ዳቦ ያስይዟቸዋል፤ አንዱ ያጎርሳል፣ አንዱ እምቢ ይላል። አንድም ልጅ አልቻለም። ይሽኮረመማሉ፣ «ኧረ!» ይላሉ፣ ይጎርሳሉ። እሳቸው ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ይወረውራሉ። አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ «ነይ፣ ዘመናይ፣ አንቺ አጉርሺኝ» አሉኝ። «በሞቴ» አልኩና ዳቦውን ዘረጋሁላቸው። ዳቦውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ጎረሱ። ያን ቀን በራሳቸው የተናደዱትን ያህል በሰው ሲናደዱ አላየሁም።

በዓመቱ ኅዳር ላይ ሐዲስ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። አውቶቡስ መናኸሪያው ሄደን ሸኘነው። እትዬ ዘርፉ ገብሱን ራሳቸው ለቅመው፣ ቆልተው፣ አስፈጭተው ሦስት ኪሎ በሶ በንጹሕ ከረጢት ቋጥረውለታል። «ይህ አይበላሽም» አሉት። «ውሃውን ግን አፍላው።»

ሐዲስ ከረጢቱን እዚያው ፈታው። በኩባያው ትንሽ በሶ በውሃ ለወሰ፣ በጣቱ ጨበጠ፣ ጥሩ ድብልብል አድርጎ አወጣና እጁን ዘረጋ። ይስቃል።

«ቲቸር፣ በሞቴ።»

እትዬ ዘርፉ እጁን አዩት። ቅድም የአውቶቡሱን መሰላል ይዞ ዕቃ ሲጭን የነበረበት እጅ ነው፤ ጥፍሩ ሥር የመኪና ግራሶ አለ።

«እጅህን የት ታጠብክ?» አሉት። «አይሆንም። ይቅርብኝ።»

እሱም ሳቀ። «ጎበዝ፣ ቲቸር! ቻሉት!» ብሎ ራሱ ጎረሰውና ተሳፈረ። ከአቧራው መሀል በመስኮት እያውለበለበ ሄደ።

ከእትዬ ዘርፉ ጋር ከመናኸሪያው እስከ ቤታቸው በእግር ሄድን። በራቸው ላይ ስንደርስ መሐረባቸውን አውጥተው አቧራ የሌለበትን የበሩን እጀታ ጠረጉት፤ ደግመው ጠረጉት።

«የገሠሠን ጎርሼ» አሉ፣ «የዚህን ልጅ እምቢ አልኩ።»

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ምግብ ቤት እንዴት እንደሚመረጥ አስተማሩ። የጉርሻውን ትምህርት ግን ከዚያ ቀን በኋላ አላነሡትም።