የጉጠት እጆች

በሆስፒታሉ ጄሶ ክፍል ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጉጠት» ነው የሚሉት። ሲቀጠር በሽተኛ በአልጋ የሚገፋ ሠራተኛ ነበር። የአጥንት ሐኪሙ የክንዱን ውፍረት አየና ልጆች ያዥ አደረገው። ክንዱ የተሰበረ ልጅ ሲመጣ፣ ሐኪሙ አጥንቱን ስቦ እስኪገጥመው ጉጠት ትከሻውን ከአልጋው ጋር አጣብቆ ይይዛል። ያለ ማደንዘዣ! ለአዋቂ ማደንዘዣ አለ፤ አዋቂ ይሳደባላ፣ ይከሳላ። ልጅ ምን ያመጣል? «አንድ ደቂቃ ነው፤ ልጅ ደግሞ ይረሳል» ይላል ሐኪሙ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው።

ይረሳል እንዴ? ጉጠት በሰፈሩ ሲያልፍ ኳሳቸውን ጥለው የሚሮጡትን ልጆች ሐኪሙ መቼ አየና! እሱው ይዞት የነበረው የገዛ እህቱ ልጅ እንኳ ክንዱ ድኖ ስንት ጊዜው፣ አጎቱ ሲመጣ አልጋ ስር ይገባል። እህቱ «ይለምድሃል፣ ተወው» ትለዋለች። አልለመደውም።

አንድ ጠዋት ከደረጃ የወደቀች ልጅ መጣች። እናቷን እንደ ልማዱ ወደ ውጭ አስወጧት። ልጅቷ የጎበጠ ክንዷን ታቅፋ ጉጠትን ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ያማል?»

ጉጠት ሊይዛት ትከሻዋ ላይ ያሳረፈውን እጁን አነሳ።

«ያዛት እንጂ!» አለ ሐኪሙ።

«አልይዝም። በማደንዘዣ አስተኝተሃት ሥራ።»

ሐኪሙ ወረፋውን ጠቀሰ፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ከቀዶ ጥገና ክፍል እስኪመጣ ስንት ሰው እንደሚጉላላ፣ እስክትነቃ አልጋው እንደሚያዝ ተናገረ። ውሸት የለበትም፤ ግን አንዱም ስለ ልጅቷ አልነበረም። ከሥራ እንደሚያባርረውም ነገረው። ጉጠት ፍንክች አላለም። ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞረ፤ እሷም ሁለት እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ያዥ ሲጠፋ ሐኪሙ ሳይወድ የማደንዘዣ ባለሙያውን አስጠራ።

ባለሙያው እያጉረመረመ መጣ። መርፌውን ሰጣት፣ ትንፋሿን እየተከታተለ ከራስጌዋ ቆመ። አጥንቱ ያለ አንዲት ጩኸት ገጠመ፤ ጄሶው ታሰረ። ልጅቷ ስትነቃ ምላሷ እየተሳሰረ እናቷን ፈለገች፤ አስገቡላት።

«እማዬ፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?»

እናቷ እያለቀሰች ሳቀች። ነርሷም ሳቀች። ጉጠት ግን ጎንበስ ብሎ ሁለት እጆቹን አየ። እንዲህ የሚቻል ከነበረ፣ ያ ሁሉ ልጅ በእሱ እጅ ስር የጮኸው ለምን ነበር?