ኣስገደት ያወጣችው ሕግ

ሮምን ለሐበሻ ያቀናሁት እኔ ነኝ የሚል ጉረኛ ሞልቷል፤ አትስሙት። ወይዘሮ ጤናዬን ጠይቁ። እሳቸው በ1964 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ሰው ቤት ተቀጥረው ሊሠሩ ሲመጡ፣ ዛሬ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ተደርድሮ የምታዩት የሐበሻ ምግብ ቤት አንድም አልነበረም። የነበረው ካስትሮ ፕሬቶሪዮ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ያለችው የጓደኛቸው የኣስገደት አንድ ክፍል ነው። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሠራተኛ ሁሉ በሚያርፍበት ቀን፣ አሥራ አራት ሴት እዚያች ክፍል ውስጥ ይታጨቅ ነበር። አዲስ መጪ የሚያድረው እዚያ፣ ደብዳቤ የሚላከው እዚያ፣ የመጀመሪያው ዕድር የተቋቋመውም እዚያው ነው።

ኣስገደት አዲስ ለመጣች ሁሉ አንድ ሕግ ነበራት። «ፖስተኛ ራኮማንዳታ ነው፣ ፈርሚ ካለሽ እንዳትፈርሚ! የለችም በይው።» ያኔ ራኮማንዳታ፣ በፊርማ የሚመጣው ደብዳቤ፣ ወይ ቤት ልቀቂ ነው፣ ወይ ካገር ውጪልን። ያልፈረመች ለጊዜው ተረፈች።

ኣስገደት ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ዘመድ ስላልነበራት መቃብሩን በስማቸው ያስመዘገቡት ጤናዬ ናቸው። «ያለ ምልክት አልተውሽም» ብለው አፈሩ ላይ ማሉላት። በየሙት ዓመቷ እየሄዱ ሻማ ያበሩ ነበር፤ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ግን ሦስት ዓመት ቀሩ።

ዘንድሮ የሮም ሐበሾች ማኅበር ጸሐፊ ደምለው የሰፈሩን ታሪክ በመጽሐፍ ሊያሳትም ተነሣ። ጤናዬ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የኣስገደት መቃብር ፎቶ ይግባልኝ ብለው ለመኑት። የእብነ በረድ መስቀልም አሠሩላት። ባለፈው ቅዳሜ መስቀሉን መኪና ላይ ጭነው ሁለቱም ሄዱ።

ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀብሯል። መቃብሩ ላይ የተለጠፈው ፎቶ የአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው።

ደምለው ሊጠይቅ የመቃብሩ ቢሮ ገብቶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «እማማ፣ አሎራ፣ እንግዲህ... እዚህ መሬቱ ለአሥር ዓመት ብቻ ነው አሉኝ። ከዚያ ዐፅሙ ይወጣል። የሚረከብ ካልመጣ ከሌላው ሰው ዐፅም ጋር አንድ ጉድጓድ ይጨመራል።»

«ሳይነግሩኝ?»

«ሁለት ጊዜ ራኮማንዳታ ልከው ነበር። በእርስዎ ስም፣ በእርስዎ አድራሻ። ተቀባይ የለም ተብሎ ተመለሰ።»

ጤናዬ ይሄኔ ነገሩ ትዝ አላቸው። የመኖሪያ ዶክመንታቸው ሙሉ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የሚያስፈራቸው ነገር የለም። ቢሆንም ፖስተኛው የበሩን ደወል ደውሎ «ራኮማንዳታ» ሲል፣ «ጤናዬ የለችም» ብለው የመለሱት ራሳቸው ናቸው። ያውም ሁለቴ።

«ምነው ቢፈርሙ ኖሮ፣ እማማ?» አለ ደምለው።

ወይዘሮ ጤናዬ መስቀሉን ታቅፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እንዳትፈርሚ ብላኝ እኮ ነው» አሉ።