ሁለት ዋናተኞች በአንድ ሳፋ

«ከሥራ በኋላ» የሚለውን አነጋገር ያስተማረችኝ ማዳሜ ናት። የምትለው ግን ስለ ራሷ ሥራ ነው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮ ትገባለች፣ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ትወረውራለች፣ አንዱን ጫማ በር ላይ፣ ሌላውን ኮሪደር ላይ ትጥላለች። ከዚያ «ዛሬስ ሞቻለሁ፤ ባሕር ላይ ካልወጣሁ አብዳለሁ» ትላለች። እኔ በዚያ ሰዓት ሾርባ ጥጄ የልጇን ዩኒፎርም እተኩሳለሁ። እብደት እሷን ብቻ የሚይዝ በሽታ ነው መሰለኝ፣ እኔን ጠይቆኝ አያውቅም።

ቤታችን፣ ማለቴ ቤታቸው፣ ባሕሩ ዳር ነው። ከጓሮው በር እስከ ውኃው ቢበዛ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ጥሩ ሰፈር ነው፤ ግቢው ሁሉ ዘበኛና ጄኔሬተር አለው። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ካያክ የሚሉት ነገር አላቸው። ካያክ ማለት ረጅም ቢጫ የፕላስቲክ ሳፋ ነው። በኔ ሳፋ ውኃውም ልብሱም ከውስጥ ነው፤ በነሱ ግን ሰው ከውስጥ ይሆንና ውኃው ከውጭ ይቀራል። ቢያንስ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

የፊተኛው ወንበር የባሏ የሙሲዩ ነበር። ሐኪሙ ወገቡን አይቶ «ከእንግዲህ መቅዘፍ የለም» ያለው ቀን፣ ሰው በመታመሙ እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ማዳሜ ወደ ኩሽና መጣችና ከላይ እስከ ታች ተመለከተችኝ።

«አንቺ ዋና ትችያለሽ አይደል?»

«ዊ ማዳም።»

የዚህን «ዊ ማዳም» ነገር ልንገራችሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውኃ ክረምት ላይ የሚሞላው የሰፈራችን ወንዝ ነው፤ እሱንም ድልድይ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ጅቡቲ በገባሁ በሳምንቴ፣ ሥራ የምታስቀጥር ሴትዮ ወደ ማዳሜ ቤት ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ቡላኦስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሱቅ አላት። አያቷ በባቡሩ ዘመን ከሀገር ቤት የመጡ ስለሆኑ ፈረንሳይኛውንም ዓረብኛውንም ሶማልኛውንም ታንበለብለዋለች። መንገድ ላይ ምክር ሰጠችኝ። «የኔ ልጅ፣ ዊ ማለት አዎ፣ ኖን ማለት አይ ነው። የጠየቀችሽን ሁሉ ዊ ማዳም በይ። ኖን የምትል ሠራተኛ በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ሱቄ በር ላይ ነው የማገኛት።»

ማዳሜ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ጠየቀች። ሴትዮዋ መተርጎሙን እንኳ አልደከመችበትም፤ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ምግብ? ዊ ማዳም። ካዊያ? ዊ ማዳም። ልጅ መያዝ? ዊ ማዳም። በመጨረሻ ማዳሜ ሁለት እጆቿን አየር ላይ እያወናጨፈች አንድ ነገር ጠየቀች። ቅንድቡ ከፍ አለ። ዊ ማዳም። ማዳሜ እፎይ ብላ ሳቀች፤ እኔም ተቀጠርኩ።

ደረጃውን ስንወርድ «ያ እጇን ያወናጨፈችበት ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዋና ትችያለሽ ወይ ብላሽ ነው። ልጅቷ ባሕር ስለምትወድ ዋና የማትችል አልፈልግም ብላለች።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በይ አንቺ! ማን ነው ደሞ ባሕር ውስጥ የሚከትሽ?»

ባሕር ውስጥ የከተተኝ ቅዳሜ ነው። ለሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ማዳሜ ጃንጥላ ሥር ፊቷን በኮፍያ ሸፍና ስትተኛ፣ ልጅቷን ከባሕሩ የምጠብቃት እኔ ነበርኩ። ያኔ አራት ዓመቷ ነው። ዘዴዬ ቀላል ነበር፤ ከጉልበት በላይ አንገባም። ለምን እንደማንገባ ስትጠይቀኝ፣ ከዚያ ማዶ ትንንሽ ልጆችን እግራቸውን ይዞ የሚጎትት አውሬ አለ አልኳት። ጥርስ አለው ወይ አለችኝ። ብዙ፣ አልኳት። በስድስት ዓመቷ ያቺ ባሕር ስታይ ትቦርቅ የነበረች ልጅ ውኃ ዳር ስትደርስ እሪ የምትል ሆነች። ማዳሜ ሐኪም አማከረች፣ ስለ ፍርሃት የተጻፉ መጻሕፍት ገዛች፣ «ይሄን ነገር ከማን ወረሰችው?» እያለች ሙሲዩን በጥርጣሬ ታየው ጀመር። እኔ ሳህን አጥብ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ችሎታዬ ነው ካያክ ላይ የወጣሁት። የመጀመሪያው ቀን ዓይኔ ጋራዡ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ብርቱካናማ የማያሰምጡ ሰደርያዎች ላይ ቀረ። ማዳሜ አየችኝና «ተያቸው፣ ይሞቃሉ። ሁለታችንም ዋናተኞች ነን» አለች። አዎ፣ ሁለታችንም።

አንድ ወር ያህል በሳምንት ሁለት ቀን ቀዘፍኩ። መቅዘፉ ራሱ አይከብድም፤ ትልቅ ድስት እንደ ማማሰል ነው። የሚከብደው ድስቱ ውስጥ ያለሽው አንቺ መሆንሽ ነው። በስተግራችን የባለጸጎቹ ግንብ ያልፋል፣ ከሩቅ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ፣ ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ቆመዋል። እግረ ቀጫጭኖቹ ሮዝ ወፎች ጭቃው ላይ ቆመው ያዩናል። ማዳሜ ከኋላዬ ተቀምጣ የቢሮ ባልደረቦቿን ታማልኛለች። እኔ ከፊቷ ተቀምጬ በአማርኛ እጸልያለሁ። እሷ የማንጎራጎር ልማድ ያለኝ ይመስላት ነበርና «ዛሬ ደስ ብሎሻል» ትለኛለች።

አንድ ሐሙስ እራት ሳቀርብ ማዳሜ መፍትሔ አገኘሁ አለች።

«ከሰኞ ጀምሮ እኔ ቢሮ አመሻለሁ። ልጅቷን አንቺ ካያክ ላይ ይዘሻት ትወጫለሽ። ብቻችሁን። ፍርሃቷ የሚለቃት እንደዚያ ነው፤ አንቺን ታምንሻለች።»

ሙሲዩ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አለ፤ ወደ ወንበሩ እንዳይመልሱት የማይስማማበት ነገር የለም። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«ዊ ማዳም» አልኩ። አፌ ለምዶበታል።

ከዚያ ወዲያ ማሾፉ ሁሉ ከላዬ ረገፈ። እኔ ብሰምጥ የራሴ ጣጣ ነው፤ ውሸቱም የኔ፣ ውኃ የሚሞላውም የኔው ሆድ። ልጅቷ ግን ከፊቴ ትቀመጣለች። ያ ሳፋ ቢገለበጥ እጇን የምትዘረጋው ወደ እኔ ነው።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። ካርቲየ 2 የሚሉት ሰፈር ውስጥ እንደኔ ሰው ቤት ከሚሠሩ ልጆች ጋር ተዋጥተን የተከራየናት አንዲት ክፍል አለችን። ነገሩን ስነግራቸው እስኪያነቡ ሳቁብኝ። አንዷ «ሆዴን ቆረጠኝ በያት» አለች። ሌላዋ «ሰኞ ሆዷን ይቁረጣት እሺ፣ ረቡዕስ ምኗን ሊቆርጣት ነው?» አለች። ሦስተኛዋ ሳትስቅ «ንገሪያት። ካባረረችሽ እዚህ ቦታ እናበጅልሻለን» አለችኝ። የምታበጅልኝን ቦታ አየሁት፤ አንድ ፍራሽ ነው፣ አራት ሰው ጎኑን አሳርፎበታል። ለመንገር የወሰንኩት ግን እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነው። እሑድ፣ ካያኩ ላይ። ቤት ውስጥ ማዳሜ ስልኳን ከእጇ አታወርድም፤ እዚያ ግን እጇ መቅዘፊያ ይይዛል። ደሞም ዳር እስክንደርስ ድረስ ልታባርረኝ አትችልም።

እሑድ ካያኩን ተሸክመን ስንወጣ ዘበኛችን በሩ ጋ ነበሩ። ሽማግሌ አፋር ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ ግማሹ እርግማን ነው። ጫታቸውን ጉንጫቸው ላይ እንደወጠሩ ባሕሩን አዩና «ስሚ ልጄ፣ ይሄ የተረገመ ውኃ ዛሬ ከዳሩ ይሸሻል። ሩቅ አትሂዱ» አሉኝ።

«ምን አሉ? መልካም ጉዞ ነው?» አለች ማዳሜ።

«ዊ ማዳም።»

ሩቅ ሄድን። የመጀመሪያው ግንብ ጋ ስንደርስ «ማዳም» አልኩ። «አንድ ጊዜ፣ ይሄን ሳልጨርስልሽ» ብላ፣ ከአለቃዋ ጋር ስለተጣላችበት ወረቀት ነገረችኝ። ሁለተኛው ግንብ ጋ «ማዳም» አልኩ። «ወፎቹን እያቸው፣ እንዴት ያምራሉ!» አለች። አየኋቸው። የቆሙበት ቦታ ከወትሮው በጣም ወደ ውስጥ ነበር፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። ጀምበር ወደ መጥለቁ ስታዘነብል «እንመለስ» አለች። ዳር ከደረስን ስልኩ፣ ከስልኩ እራቱ፣ ከእራቱ ሰኞ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብዬ፣ ይሉኝታ ይዞኝ፣ ፊቷን እያየሁ ልናገር መላ ሰውነቴን ወደ ኋላ አዞርኩ።

ካያክ ላይ ለሰው አክብሮት ዞር አይባልም። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ዓለም ተገለበጠ። አፍንጫዬ ጨው ሞላ፣ ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወጣ፣ ሰማዩ ከታች ሆነ። የያዝኩት መቅዘፊያ ይሁን የማዳሜ እግር ያኔ አላወቅኩም፤ ብቻ አጥብቄ ያዝኩ። የማውቀውን ሁሉ በአማርኛ ጮህኩ። «ዋና አልችልም! ማርያምን አልችልም! ኧረ አልችልም!»

«ቁሚ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። «ቁሚ እንጂ!»

ቆምኩ። ውኃው ከጉልበቴ በታች ነበር። ባሕሩ ዘበኛው እንዳሉት ሸሽቶ ጥሎን ሄዷል። ሮዝ ወፎቹ ዐሥር እርምጃ እልፍ ብለው ቆመው ያዩኛል፤ ውኃው ለእነሱም ከጉልበት በታች ነው። ማዳሜ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ አንድ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆማለች። ለካ የእሷ እግር ነበር።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አለች።

በፈረንሳይኛ ደገምኩላት። ዋና አልችልም። ችዬም አላውቅም።

«ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን እችላለሁ አልሽኝ?»

«ስለጠየቁኝ ነዋ፣ ማዳም።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ቁጣውን ለምጄዋለሁ፤ ሲያልፍ አውቀዋለሁ። እሷ ግን ዳሩን፣ ጃንጥላዋን የምትተክልበትን ቦታ፣ ተመለከተች።

«ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ተኝቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የእውነት እንቅልፍ ነበር የምተኛው። አንቺ ስላለሽ።»

አፌ ዊ ማዳም ሊል ሲከፈት ዘጋሁት። ከዚያ የአውሬውንም ነገር ነገርኳት፤ አንዴ ከወጣ ሁሉም ይውጣ ብዬ። ጥርሱን ጭምር። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ።

ካያኩን እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን በጭቃው ላይ ጎተትነው። ዘበኛው ሲያዩን ውኃውንም ካያኩንም በሾፌር አማርኛ ረገሙልን። «አሁንስ ምን አሉ?» አለች ማዳሜ። «ሩቅ አትሂዱ ብለው ነበር» አልኩ። እራት አቀረብኩ፣ ሳህን አጠብኩ፣ ክፍሌ ገብቼ ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ። ሁለት ዓመት ሠርቼ ሻንጣው ዛሬም አልሞላም።

ሰኞ አመሻለሁ ያለችው ማዳሜ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባች። ጫማዋን አልወረወረችም። ሻንጣዬን በሩ ጥግ አየችው፣ አለፈችው፣ ወደ ጋራዡ ሄደችና ብርቱካናማዎቹን ሰደርያዎች ይዛ መጣች። «ሁለታችሁም ልብስ ቀይሩ» አለች። ልጅቷ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ እስከ ውኃው ድረስ መጣች።

«አውሬውስ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ስለፈራሁ ነው።»

አሰበችበት። «ጥርሱም የለም?»

«ጥርሱም የለም።»

ትንሽ አኮረፈችኝ፤ ደግ አደረገች። ከዚያ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ እኔም ገባሁ። ማዳሜ በጀርባዬ እንድንጋለል አደረገችኝና መዳፏን ወገቤ ሥር አደረገች። ጆሮዬ ውኃ ሞላ፣ ሰማዩ በቦታው ነበር። ልጅቷ አጠገባችን ቆማ ጣቷን በጥርሷ ነክሳ ታየኛለች።

«ተዘጋጅተሻል? ልልቀቅሽ?» አለች ማዳሜ።

ሁለት ዓመት የለመደው አፌ ተከፈተ።

«ኖን፣ ማዳም» አልኩ።

አልለቀቀችኝም።