በረፋድ የሚለቀም ቅጠል

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ጉና ሽቅብ የሚወጣ ሰው፣ የገብሱን ማሳ ጨርሶ አስታ የሚሉት የደጋ ቁጥቋጦ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ጠባብ ጨፌ ያገኛል። ውሃዋ ዝገት ይመስላል፤ ሣሯ ቀጭን ነው፤ ከብት እንኳ ቀምሶ ይተዋታል። በጃንሆይ ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ያገሩ ሰው ስለዚች ጨፌ ሲያወራ «እንኳን ገብስ፣ እንቁራሪት አይጠግብባትም» እያለ ይስቅ ነበር። አብራ የማትስቅ ጌጤ ብቻ ነበረች።

ጌጤ ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳን የዘለቀች ሴት ናት። ትክትክ የያዘው ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቃታል። ከስማዳ ድረስ ልጅ አዝለው ይመጡባታል። እሷም ቅጠል ቀቅላ፣ በማር ለውሳ፣ ሦስት ቀን ታጠጣለች። የዳነው በቅጠሉ ይዳን በጊዜው እግዜር ይወቅ፤ ብቻ እናቶች ያምኗት ነበር። ዋጋ አትጠይቅም። የዳነ ልጅ እናት ግን ለፋሲካ አንድ ቅል ቅቤ ሳትልክላት አትውልም። ከቅቤው ይልቅ ደስ የሚላት፣ በመንገድ ስታልፍ እናቶቹ ልጆቻቸውን «ተነሡላት» ሲሉ መስማት ነበር።

መድኃኒት ለቃሚ ሁሉ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያነጋግር ነው የሚወጣው። ጌጤ ግን ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ወደ ሦስት ሰዓት ግድም ትወጣለች። ጎረቤቶቿ «እንቅልፍ የጠገበ መድኃኒት» እያሉ ያሾፉባታል። ምክንያቱን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ምክንያቱን ያሳየቻት እናቷ ማንጠግቦሽ ናት። ጌጤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች እጇን ይዛ ወደ ጨፌዋ ወሰደቻትና ጠርዙ ላይ አስቀምጣ ዝም ብለሽ ጠብቂ አለቻት። ጤዛው በየሣሩ ላይ ያብረቀርቅ ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከሣሩም ከአስታውም ላይ ጠፋ። ያን ጊዜ መሬት ለመሬት፣ እግር ሲረግጠው ውሃ በሚያፈልቀው ልምላሜ መሀል፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ቀያይ ቅጠሎች ጤዛቸውን እንደያዙ ቀሩ። ጌጤ ጎንበስ ብላ ስታይ ጤዛ የመሰላት ነገር እንደ ማር የሚለጠጥ ሙጫ ነው። ቅጠሉ በቀይ ጸጉር ተከቧል፤ አንዲት ትንኝ ተጣብቃበት ትንፈራገጣለች። እናትና ልጅ ቆሎ እየቆረጠሙ ሲያዩ፣ ጸጉሮቹ ቀስ በቀስ ወደ ትንኟ አጎነበሱ።

«ትበላታለች?» አለች ጌጤ።

«አፈሩ ካላበላት ምን ታድርግ?» አለች እናቷ።

ከዚያ አስማለቻት። ለወለድሽው ልጅ ካልሆነ ለማንም እንዳትናገሪ፤ የተነገረ መድኃኒት ውሃ ይሆናል አለቻት። ጌጤ ልጅ አልወለደችም። ያን ረፋድ ግን አልረሳችውም። ከአርባ ዓመት በኋላም ጨፌዋ ዳር በተቀመጠች ቁጥር የእናቷ ትከሻ ሙቀት ጎኗ ላይ ይመጣ ነበር። እናቷ ጥርሷ ሲነቃነቅባት ቆሎውን እያኘከች ስትስቅ፣ ከሥራቸው የውሃው ድምፅ ሲሰማ፣ ሁሉም እንደ ትናንት ነበር።

የባሏ ታናሽ ወንድም አንዳርጌ ልጁን ሊድር ሆነ። መሬት ጠቦታል። ጨፌዋ የርስት ወገኑ ሁሉ የጋራ ናትና፣ ሽማግሌ ከፈቀደልኝ ፈሰስ ቀድጄ ውሃዋን ወደ ገደሉ እለቃለሁ፣ በመጪው ዓመት ገብስ እዘራባታለሁ አለ። ነገሩ በመስቀል ማግስት ሊታይ ተቀጠረ። ለማንም የማትጠቅም ጨፌ ናትና የሚቃወም የለም ተባለ።

ጌጤ ወሬውን የሰማችው በነሐሴ ነበር። መጀመሪያ ብልሃት ያገኘች መሰላት። ቅጠሉን ከነአፈሩ ቆርሳ በቅርጫት ወደ ቤቷ አመጣችው። ጓሮዋ በጌሾና በጎመን የተመሰገነ ነው። ከሁሉ ደጉን ቦታ መርጣ ተከለችው፤ ለጎመኗ እንደምታደርገው ፍግ አለበሰችው፤ አመድ ነሰነሰችበት፤ አጓት ሳይቀር አጠጣችው። በሳምንቱ ጤዛው ጠፋ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ ጠቆረ። ያነሰበት መስሏት ሌላ አምጥታ ፍጉን አበዛችለት። ያኛውማ በአምስት ቀኑ በሰበሰ።

«ጥጋብ ገደለው» አለች ብቻዋን ቆማ።

እንግዲህ ሁለት መንገድ ቀረላት። ዝም ብትል ጨፌዋ ትታረሳለች፤ መድኃኒቱ ይጠፋል። ብትናገር መሐላዋ ይፈርሳል፤ መድኃኒቱ ውሃ ይሆናል፤ ባይሆን እንኳ ሁሉ ሰው ራሱ ይለቅመዋልና ጌጤን የሚፈልግ አይኖርም።

የመስቀል ማግስት ከቅዳሴ መልስ ሰዉ በደብሩ ጽድ ሥር ተቀመጠ። ነገሩን የሚያዩት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ። አንዳርጌ ጉዳዩን አስረዳ። የሚናገር አለ ወይ ሲባል፣ ከዳር የተቀመጠችው ጌጤ ተነሣች። ሰዉ ዘወር አለ።

«እታለም፣ እርስዎ ደግሞ ጨፌዋን ለምን ፈለጓት? እንቁራሪት ሊያረቡ ነው?» አለ አንዳርጌ። ሳቁ ተያያዘ።

«ሳቅ። እኔ እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አንተ ትንፋሽ አጥሮህ ትጠቁር ነበር። የተነሣኸው በዚያች ጨፌ ቅጠል ነው።»

ሳቁ ቆመ። ጌጤ ካፏ የወጣውን ያወቀችው ከወጣ በኋላ ነው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ጎን አደረጉና፣ ያ ቅጠል የሚለቀመው ከዚያ ነው ወይ ሲሉ ጠየቋት። አሁንም መመለስ ትችል ነበር፤ እንዲያው ምሳሌ ነው ብትል ማንም አይጨቀጭቃትም።

«አዎ፣ የኔታ» አለች። «ሌላ ቦታ አይኖርም። ጓሮዬ ወስጄ ፍግ ባበላው ሞተብኝ።»

«ስሙስ?»

«ስም የለውም። ኑ፣ ላሳያችሁ።»

ሽማግሌው ሁሉ ተከትሏት ወጣ። ጨፌዋ ዳር ሲደርሱ ፀሐዩ ጠንክሯል። መሪጌታ ነጭ ልብሳቸው እንዳይረጥብ ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩ። ብዙ አዩ። አንዳርጌ አንዷን ቅጠል በጣቱ ነካ፤ ሙጫው እንደ ክር ተለጥጦ ከጣቱ ጋር መጣ።

«ይቺ ናት?» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሰው የተሸነፈ እንዳይመስለው ይመስላል፣ «መቼም ይህ አፈር ለገብስም አይሆን ነበር» አለ።

መሪጌታ ፈሰስ አይቀደድ አሉ። ለሙሽራው ከግጦሹ የላይኛው ጫፍ አንድ ጥማድ ተለካለት።

በዓመቱ ክረምት ትክትክ ገባ። እናቶች ቅርጫት ይዘው በጌጤ ደጃፍ አለፉ። ላቀች ሦስት ልጆቿን በጌጤ እጅ ያዳነች ናት፤ እሷ እንኳ ዓይኗን ወደ አጥሩ ሳትመልስ አለፈች። በፋሲካውም ቅቤ አልመጣም ነበር። ጌጤ ጆሮዋን ጥላ ወሬ ትጠብቃለች፤ መድኃኒቱ ውሃ ሆነ የሚል እንዳትሰማ ትፈራለች። እንዲህ ያለ ግን አልተገኘም። እንደ ወትሮው የዳነው ዳነ፣ እስከ ጥቅምት የሳለውም ሳለ።

አንድ ቀን ጨፌዋን ልይ ብላ ብትወጣ ላቀች ትንሹን አዝላ ቅጠሉን ከነሥሩ ስትነቅል አገኘቻት። ላቀች አፍራ ቆመች።

«ሥሩን ተዪልኝ» አለች ጌጤ።

ላቀች የነቀለችውን መልሳ በመዳፏ ተጫነችው። ልጁን ጀርባዋ ላይ እንዳለ ሳል ያዘው። እስከ ትንፋሹ መጨረሻ ሳለና አፉን ከፍቶ አየር ሳበ።

«እማማ ጌጤ፣» አለች ላቀች ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ «ቅጠሉንስ አገኘሁት። ለዚህ ስንቱን ላድርግለት? ዓመቱን ገና ትናንት ነው የያዘው።»

ጌጤ ነጠላዋን አነጠፈችና ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች፤ ልጁን ተቀብላ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አስጠጋች፤ እንደገና እስኪስል ጠበቀች።