ከመቶ አርባ አንድ

በዘር ምርመራ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴት ባልደረቦቿ «እመት መቶ» ይሏታል። ሥራዋ መቶ መቶ ፍሬ ቆጥራ በርጥብ ወረቀት ላይ መደርደርና በአሥረኛው ቀን ስንቱ እንደበቀለ መመዝገብ ነው። ከመቶው ሰማንያ ካልበቀለ ዘሩ ለገበሬ አይሰጥም። እሷ የቆጠረችውን ማንም ደግሞ አይቆጥረውም፤ ይህን ያህል የታመነች ናት።

ታናሽ እህቷ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አልቀረችም። ሁለቱም የተማሩት ግብርና ነው፤ ውጭ አገር የመማር ዕድል መጀመሪያ የደረሰው ደግሞ ለታላቂቱ ነበር። ያን ጊዜ እናታቸው ወገባቸውን ታመው ተኝተው ስለነበር «ይቅርብኝ» አለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ይበልጥ የሚያንገበግባትም እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ታናሺቱ ሄደች። ተምራ ረሃብን በሚከላከል ዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጠረች፤ ከአገር አገር ስትዞር ኖራም ድርቅ ለመታቸው መንደሮች ዘር የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ኃላፊ ሆና ተመለሰች።

አንድ ቀን በቢሮው ቴሌቪዥን ብቅ አለች። «ለምግብ ዋስትና ስል መስክ ላይ አረጀሁ» አለች እየሳቀች።

«እህትሽ አይደለችም እንዴ? ሹመት እንዴት አምሮባታል» አለ የመዝገብ ቤቱ ሰው።

«መስክ የምትለው በመኪና መስኮት ያየችውን ነው» አለች እመት መቶ። ሰውየው ሳቀ። እሷ ግን ምሳዋን አልጨረሰችም። ለእህቷ ክፉ አትመኝም ነበር፤ ደግ ነገር ሲገጥማት ግን አንጀቷ ያራል።

ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የእህቷ ፕሮግራም ከገዛው የማሽላ ዘር ናሙና መጣላት። ቆጠረች፣ ደረደረች፣ ጠበቀች። በአሥረኛው ቀን ከመቶው የበቀለው አርባ አንድ ብቻ ሆነ። መቶ መቶ ፍሬ በደረደረችባቸው አራት ወረቀቶች ሁሉ ላይ ያው ነው። ዘሩን መጋዘን ውስጥ ሙቀት በልቶታል።

ቅጹን ሞልቶ መላክ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እሷ ግን መሳቢያዋ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። ማክሰኞ ነበር። «ታከፋፍለውና ጉዷ ይታይ» አለች በሆዷ። ሐሳቡ ጣፈጣት፤ ረቡዕም እንደጣፈጣት ዋለ። ሐሙስ ከድርጅቱ ደወሉላት።

«ውጤቱ አልደረሰም ወይ? ዝናቡ መጣብን እኮ። ችግር አለ ካላልሽን ሰኞ ማደል እንጀምራለን።»

«ገና ነው» አለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በሥራዋ የዋሸችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ጆንያ የታቀፈች ገበሬ ሴት አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጆንያው ለምንሽ ነው?» አለቻት፣ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብላ።

«ሰኞ ዘር ይሰጡናል፤ ተመዝግቤያለሁ። ይሄንንም የተዋስኩት ነው» አለች ሴትዮዋ። «አዲሱ ዘር መጣ ሲሉን፣ ለዘር ያስቀመጥኳትን ማሽላ ለልጆቹ አብስዬ አበላኋቸው። ምን ላድርግ፣ ርቧቸው ነበር።»

እመት መቶ እስከዚያች ሰዓት በሐሳቧ ስትወድቅ የምታያት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች፤ በእግሯ እስከ ቢሮዋ ተመልሳ ዘበኛውን አስከፈተችና ለእህቷ ደወለች።

«እትዬ? ምነው፣ እማዬ ምን ሆነች?»

«እማዬ ደህና ናት። ዘርሽ ግን ሞቷል። ከመቶ አርባ አንድ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ እኮ ዓርብ ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ስትዋረጂ ላይሽ ፈልጌ ነው።»

«ወረቀቱን አሁኑኑ ላኪልኝ» ብላ ታናሺቱ ስልኩን ዘጋች።

እደላው ቆመ። ከሌላ መጋዘን የተገኘው ዘር የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከሳምንት በኋላ ደረሰ፤ ዘገየ እንጂ በቀለ። ድርጅቱ ታናሺቱን ስለ ጥንቃቄዋ አመስግኖ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አሳደጋት።

ልትሰናበት እናታቸው ቤት በመጣች ቀን፣ ሦስቱም ሻይ ሲጠጡ፣ እናቲቱ «ያንን ሁሉ ገበሬ አተረፍሽው አሉ» አሏት።

«እኔ አይደለሁም እማዬ፤ እትዬ ናት። እሷ ባትነግረኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር» አለች ታናሺቱ። ስለ ሦስቱ ቀን ግን ትንፍሽ አላለችም።

እመት መቶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማድቤት ገባች። ቧንቧውን ከፍታ እጇን ውሃው ሥር አስገብታ ቆመች። እህቷ እናታቸው ፊት ልታጋልጣት ስትችል መሸፈኗን አሰበች፤ እኔ ብሆን አደርገው ነበር ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱንም አወቀችው። እንደዚያን ቀን በእህቷ ቀንታ አታውቅም።

እጇን አድርቃ ተመለሰችና እህቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሻንጣሽ ስንት ኪሎ ሆነ?» አለቻት።