ከፊት ለፊት የሚመጣ ወንድም

ቢሻው እባላለሁ። ከጎንደር አይከል፣ ከአይከል ጎንደር ሚኒባስ ስነዳ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። የዚያን መንገድ ጉድጓድ አንድ ባንድ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። ፊዚክስ የሚሉት ነገር ግን እስከ አምና ድረስ ደንታም ሰጥቶኝ አያውቅ። አሁን የማወራችሁ የፊዚክስ ነገር ነው ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ። እኔ ወንድሜን የቀበርኩበት ነገር ስለሆነ አልስቅም።

ታናሼ ምንይችል ይባላል። ሁለታችንም አይከል ነው የተወለድነው። መሪ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማርሽ ሲያንገጫግጭ እጁን እየመታሁ፣ ስሳደብም ስስቅም ያሠለጠንኩት እኔ። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዕለት ጉልበቴን ሊስም ሲደፋ በግድ ነው ያነሳሁት። ሸጋ ልጅ ነበር፣ አንደበቱ የለሰለሰ። እሱም ሚኒባስ ይዞ በዚያው መስመር ገባ። እኔ ጎንደር ቤት ሠርቼ ስለነበር ጠዋት ከጎንደር እነሳለሁ፤ እሱ አይከል ቀርቷልና ከአይከል ይነሳል።

የተጣላነው በተራ ነው። ቅዳሜ ገበያ ቀን ነበር፤ አይከል መናኸሪያ ውስጥ የመጫን ተራው የእሱ ነው። እኔ ቸኩያለሁ። ምን እንዳስቸኮለኝ ዛሬ ብትገድሉኝ አላስታውስም። ወንድሜ ነው ምን ይለኛል ብዬ መኪናዬን ከፊቱ ገጥሜ ሰዉን ጫንኩ። ምንይችል መጣና «አያ ቢሻው፣ ምነው? ተራው እኮ የእኔ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። ሰው ሁሉ ያየናል። ደሜ ፈላ። «አንተን ሰው ያደረግሁህ እኔ! ዛሬ ተራ ትቆጥርብኛለህ?» ብዬ ጮህኩበት። አየኝና ወደ መኪናው ተመለሰ። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህች ስድስት ዓመት ተኮራረፍን።

በእኛ አገር ታናሽ ነው ወደ ታላቅ የሚመጣ። ይምጣ ብዬ ጠበቅሁ። የንስሐ አባታችን ሊያስታርቁን ቢሞክሩ «ራሱ መጥቶ እግሬ ላይ ይውደቅ» ብዬ ድርቅ አልኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን የወጋሁት ራሴ ሆኜ የተወጋሁ መሰለኝ። አይ ሞኝነት!

ጉዱ ደግሞ በየቀኑ መተያየታችን ነው። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ፣ መንገዳችን ላይ ካለችው ከሰራባ ወዲህ ወይ ወዲያ ላይ ሚኒባሱ ከኩርባው ብቅ ትላለች። አንዳንድ ቀን ሆዴ ይባባና እጄን ላነሳለት እልና ሳላነሳ ውልብ ብሎ ያልፋል። ፊቱን እንኳ በቅጡ አላየውም። ሆን ብሎ የሚፈጥንብኝ ይመስለኝና እንደገና እናደዳለሁ።

አምና ልጄ አዜብ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንተ ሾፌር አይደለህ? ሁለት መኪና ከፊት ለፊት ቢመጡ፣ አንዱም በስልሳ፣ ሌላውም በስልሳ፣ አንዱ ሌላውን በስንት ሲመጣ ያየዋል?»

«በስልሳ ነዋ!»

ሳቀችብኝ። «መቶ ሃያ ነው። ከፊት ለፊት ሲሆን ይደመራል፤ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ነው የሚቀነሰው።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ስነዳ መቶ ሃያ ነድቼ አላውቅም! ማን ነው እንዲህ ብሎ የሚያስተምርሽ?»

«አንተም አልነዳህ፣ እሱም አልነዳ። በመካከላችሁ ያለው ርቀት ነው በመቶ ሃያ የሚያልቀው።»

ከዚያ እየፈራሁ ጠየቅኋት፣ የሚመጣውን ሰው ፊቱን መለየት የምችለው ሠላሳ ሜትር ሲቀረው ቢሆን ምን ያህል ጊዜ አየዋለሁ ብዬ። ጻፈች፣ ሰረዘች። «አንድ ሰከንድም አይሞላ» አለች። ለካስ ወንድሜ አልፈጠነብኝም። የእሱም የእኔም ተደምሮ ነው።

«ለምሳሌ በቀን ሁለቴ ቢተላለፉ፣ ስድስት ዓመት?» አልኳት።

የሥራውን ቀን በዓመት ሦስት መቶ አድርጋ አባዛችው። «ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት ነው፣ አባዬ።»

በስድስት ዓመት ወንድሜን አንድ ሰዓት አየሁት ማለት ነው። «አንዱ ቢቆምስ?» አልኩ። «የመተያያው ጊዜ እጥፍ ይሆናል።» «ሁለቱም ቢቆሙ?» «እንዴ! ያንማ ምን ያስጠይቃል? እስከፈለጉ ይተያያሉ።»

በማግስቱ ምንይችል ሰራባ ጋ ከፊቴ መጣ። ዳር ያዝኩና ቆሜ ረጅሙን መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ አደረግሁለት። አንዲት ተሳፋሪ «ምነው ሾፌር፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። ሞተሩን አላጠፋሁም፤ በሩንም አልከፈትኩም። እኔ ቆሜለታለሁ፣ መውረዱን እሱ ይውረድ አልኩ። አሁንም ታላቅ ነኛ! ምንይችል ፍጥነቱን ቀነሰ። ጡሩምባውን ሁለቴ ነፋ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና አለፈ። ሽበት አውጥቷል።

እሱ ሲያልፈኝ እሳት ጎረስኩ። ለታናሼ ቆሜ ጥሎኝ ይሄዳል? ሁለተኛ አልቆምለትም አልኩ። አልቆምኩለትምም። ከዚያ ወዲያ የእሱ መኪና ስትመጣ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞራለሁ።

አራት ወር እንዳለፈ በቆረጣ ሳይ መኪናዋን ሌላ ሰው ይዟት የመጣ መሰለኝ። ያው አንድ ሰከንድ ነው፣ ዓይኔ ነው የሚያሳስተኝ ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ እታገኘሁ ደወለች። ጉበቱን ታሞ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ከእኔ ቤት በእግር በሚደረስበት። ሁሉም ለእኔ መናገር ፈርቶ ነው። ስትደውል አርፏል።

ወደ አይከል የወሰደችው የራሱ ሚኒባስ ናት፤ ወንበሩ ወጥቶ ሳጥኑ ገባባት። እኔ ለቀስተኛ ጭኜ ተከተልኩ፤ እታገኘሁ ጋቢና ከእኔ ጋር ተቀመጠች። የእሱ መኪና በሠላሳ ትሄዳለች፣ እኔም በሠላሳ። በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ይቀነሳል ብላኛለች አዜብ። ሠላሳ ከሠላሳ ምንም። በመካከላችን ያለው ርቀት አልሰፋ፣ አልጠበበ። በስድስት ዓመት አንድ ሰዓት ያየሁትን ወንድሜን ያን ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከፊቴ አየሁት።

ሰራባ ስንቃረብ እታገኘሁ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠራረገች።

«መብራት ያበሩለት እዚህ ነው አይደል፣ አያ ቢሻው?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ያን ዕለት ቤት ሲገባ መሬት አልበቃው። ‹ወንድሜ ከፊትህ ትራፊክ አለ ብሎ አበራልኝ፣ እንዳልቀጣ አሰበልኝ› ይለኛል። ትራፊክ ግን አልነበረም፤ ‹ተነሥቶ ሄዶ ይሆናል› አለ። ለፋሲካ መጥቶ እግርዎ ላይ ሊወድቅ ቆርጦ ነበር። ኋላ ፊትዎን ሲያዞሩበት ጊዜ ፈራ።»

አፈር በበላሁ! በዚህ መንገድ መብራት ብልጭ ሲደረግለት ከፊት ትራፊክ አለ ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሾፌር የለም። ስንት ሾፌር በዚሁ መብራት አድኛለሁ። ለገዛ ወንድሜ ሲሆን ጠፋኝ። ያን ቀን በሩን ከፍቼ ወርጄ ቢሆን! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ያቺ ቦታ ስንደርስ ረጅሙን መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ አደረግሁ። ከፊት ያለው ሾፌር አንድ ነገር የተበላሸ መስሎት ቆመ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ለቀስተኛው ሁሉ በመስኮት ያየኛል፤ ያኔም መናኸሪያ ውስጥ ሰው እያየን ነበር። የኋላውን በር ከፈትኩና ሳጥኑ ላይ እጄን አኖርኩ።

«ምንይችል፣ ተራው ያንተ ነበር» አልኩት።

ከዚያ በሩን ዘግቼ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፤ እንደገናም በሠላሳ ተከተልኩት።