ውኃ ውስጥ «አዎ» ማለት

ዳላስ አጠገብ፣ ካሮልተን በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ እንስሳት ከአካባቢያቸው ጋር ተመሳስለው እንዴት እንደሚሰወሩ ሳስረዳ የማሳየው አንድ ፎቶ አለ። አሸዋ፣ ድንጋይና የባሕር ሣር ይታያል፤ ሻርኩ ግን አይታይም። ዎቤጎንግ ይባላል። ወለሉ ላይ ተነጥፎ ስለሚውል ምንጣፍ ሻርክ የሚሉትም አሉ። ቆዳው ዝንጉርጉር ነው፤ በአፉ ዙሪያ የተንዘረፈፈው ነገር ደግሞ ሣር ይመስላል። ተማሪዎቼ ፈልገው ሲያጡት ሻርኩ በቀይ መስመር የተከበበበትን ሁለተኛ ፎቶ አወጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ «አንቺስ ያለ መስመሩ አግኝተሽዋል?» አለችኝ።

አላገኘሁትም ነበር። ማንም ሳይጠቁመኝ፣ በራሴ ዓይን ላገኘው የፈለግሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ዳላስ ባሕር የለውም። ሆኖም ከቤታችን ብዙ በማይርቅ የባሕር እንስሳት ማሳያ፣ አኳሪየም ውስጥ ዎቤጎንግ አለ፤ የመጥለቅ ፈቃድ ያለው ሰውም ከአሰልጣኝ ጋር ገንዳው ውስጥ መግባት ይችላል። ከታናሽ እህቴ ጋር ለሥልጠና ተመዘገብን። እሷ አሜሪካ የመጣችው ጡት ሳትጥል ነው፤ እኔ ስመጣ ሁለተኛ ደረጃ ጀምሬ ነበር። ይህ ልዩነት ውኃ ውስጥ ይከተለኛል ብዬ አላሰብኩም።

መጥለቅን ለማያውቅ ሁለት ነገር ላስረዳ። ውኃ ውስጥ የሚወራው በእጅ ነው። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ክብ ሠርተው ሲገጥሙ «ደህና ነሽ?» ማለት ነው፤ መልሱም ያው ምልክት ነው። አውራ ጣት ብቻውን ሲቆም ግን «ጎበዝ» ሳይሆን «ወደ ላይ ውጪ» ማለት ነው። ሌላው፣ የምንተነፍሰው ጀርባችን ላይ ካዘልነው የአየር ሲሊንደር ነው፤ ሳንባም እንደ ፊኛ ነው። አየር በደንብ ከሳቡ ሰውነት ሽቅብ ይላል፣ ካስወጡ ይሰምጣል።

መለማመጃው ገንዳ ውስጥ አሰልጣኛችን፣ ረጋ ያለ ሽበታም ሰው፣ ፊት ለፊቴ ተንበርክኮ ደህና መሆኔን በጣቶቹ ጠየቀኝ። ደህና ነበርኩ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ፣ ቅንድቤን ከፍ አደረግሁ። ጠጋ ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። እኔም ጠንከር አድርጌ ደገምኩለት። ቅንድቤ ሲነሣ መነጽሩ ከግንባሬ ለቀቀና ውኃ ገባበት፤ ዓይኔ ፈጠጠ። ሰውየው ክንዴን ይዞ ወደ ላይ አወጣኝ።

«ደንግጠሻል» አለኝ።

«ምንም አልደነገጥኩም።»

እህቴ ከጎናችን ብቅ ብላ ሳቀች። ነገሩን ለእሱ በእንግሊዝኛ ካስረዳችው በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ኦኬ ነሽ ወይ ሲልሽ አንቺ በአማርኛ አዎ እያልሽው ነው እኮ። ማለቴ፣ ልክ እንደ እማዬ። እሱ ምን ያውቃል? ፓኒክ ያደረግሽ ነው የመሰለው።»

«አንቺስ እንዴት ነው የምትዪው?»

«እኔማ በእንግሊዝኛ ‹ያህ› ነው የምለው። ሶ፣ አየሩ ይወጣል።»

እውነቷን ነው። እኛ «አዎ» ስንል ብዙ ጊዜ ቃል አናወጣም፤ ትንፋሽ እንስባለን እንጂ። ይህን ሳደርግ እንደኖርኩ እንኳ አላውቅም ነበር።

አሰልጣኙ ግን አልሳቀም። ወደ አኳሪየሙ ይዞን የሚገባው እሱ ስለሆነ የቤቱን ደንብ ነገረኝ፦ ከቡድኑ ተለይቶ የሚንሳፈፍ ሰው ወዲያውኑ ይወጣል፣ ተመልሶም አይገባም።

ከዚያ በኋላ እህቴ ቤት ውስጥ ታሠለጥነኝ ጀመር። «ራት በልተሻል?» ትለኛለች፤ በጣቶቼ ክብ ሠርቼ እመልሳለሁ። ረስቼ አየር ከሳብኩ «ተንሳፈፍሽ» ትለኛለች።

ቀኑ ደርሶ አኳሪየሙ ገንዳ ውስጥ ገባን። አሰልጣኙ ከፊት፣ እኛ ከኋላው፣ ከአሸዋው ትንሽ ከፍ ብለን ቆምን። እህቴን እንዳትጠቁመኝ አስጠንቅቄያት ነበር። ፊት ለፊት ያሉትን ድንጋዮች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ክፍል ውስጥ ስም እንደምጠራው፣ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ድንጋይ ነበሩ። አሰልጣኙ ዞሮ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ሐሳቤ ድንጋዮቹ ላይ ስለነበር እጄን ረሳሁት።

አየር ሳብኩ። ወዲያው ሽቅብ መሄድ ጀመርኩ። ወደ ታች ሳይ፣ ልክ ከነበርኩበት ሥር፣ አሸዋ ያልኩት ነገር ጠርዝ አወጣ። ቀጥሎ ጭንቅላት፣ ቀጥሎ ጅራት። ሻርክ ሁሉ ለመተንፈስ የግድ መዋኘት የለበትም፤ ይኸኛው ተኝቶ ይተነፍሳል። ከዓይኑ ጀርባ ያለችው ቀዳዳ ስትከፈትና ስትዘጋ አየሁ። ቀይ መስመር አልነበረውም።

አሰልጣኙ አውራ ጣቱን አቆመ። ወጣሁ።

እህቴ እስከ መጨረሻው ቆይታ መጣች። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን እየጨመቀች፣

«አየሽው? ከሥርሽ እኮ ነበር። አትጠቁሚኝ ብለሽ ልትገድይኝ ነበር» አለችኝ።

አየር ወደ ውስጥ ሳብ፣ ቅንድቤን ከፍ አደረግሁ።

«ተንሳፈፍሽ» አለች።